ስለ አንጎል ሳስተምር የወደቅኩ ዕለት

አምና በሁዳዴ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ወደቅኩ። መውደቁስ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን ሳስታውስ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እንጅባራ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ገና በእናቴ ማህፀን ሳለሁ አንጎሌ ውስጥ ያሉ ጥቂት ደም ሥሮች ሲሠሩ ተጠላልፈው ቀርተዋል። ባሕር ዳር ሆስፒታል የተነሣሁት የራስ ምርመራ ፊልም ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የሚጥለኝም በእነሱ ምክንያት ነው። ጠዋትና ማታ ኪኒኔን ከዋጥኩ ግን ደህና ነኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጣለኝም ነበር።

ጥፋቴን ልናገር። ጾሙ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም ብዬ የጠዋቱን ኪኒን ተውኩት።

በአምስተኛው ቀን አንዱ ተማሪ ሰው አንጎል መሥራት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳይንቲስቶች ከሰው ቆዳ በወሰዱት ህዋስ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሽንብራ የምታህል የአንጎል ቁራጭ እንደሚያሳድጉ ነገርኩት። ደም ሥር ስለሌላት መሐሏ ምግብና አየር አጥቶ ይሞታል፣ ከዚያ በላይ አታድግም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ከከንፈሬ በላይ ያቃጥለኛል። ተማሪዎቼ ደንግጠው፣ እንደ አገራችን ልማድ ክብሪት ጭረው አሽትተውኝ ኖሯል። በእነሱ አልተቀየምኩም።

በማግስቱ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። "ሰው አንጎል ይሠራል ስትል እግዜር ጣላት!" በሳምንቱ ዓርብ የወላጅ ኮሚቴው ጠራኝ።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። "ተማሪዎቹ ፊት ተሳስቼ ነው በይና ነገሩ ይብረድ። አለዚያ ከክፍል አውጥተን ቤተ መጻሕፍት እንመድብሻለን" አለኝ።

ከኋላ ሁለት ሴቶች በአዊኛ ስለ እኔ ያንሾካሹካሉ። እኔም የአገው ልጅ ነኝ፤ አንዷም ቃል አላመለጠችኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደለ፣ ከዘንገና በኩል የመጡ ገበሬ፣ ተነሡ። "አንች ልጅ፣ የፈጣሪን ሥራ ለሰው ስትሰጭ ወደቅሽ። ይኸ ምልክት አይደለም?"

ፊልሙን ከቦርሳዬ አውጥቼ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት።

"ጋሼ፣ የጣለኝ ይኸውልዎ። ይኸን የተጠላለፈ ደም ሥር ይዤው ነው የተወለድኩ። ጾም ብዬ ኪኒኔን ብተው ጣለኝ። የንስሐ አባቴ ራሳቸው መድኃኒት ለምን አቋረጥሽ ብለው ነው የተቆጡኝ። ታዲያ እየጾምኩ መውደቄ የምን ምልክት ነው?"

ጋሽ ታደለ ቀረብ ብለው ፊልሙን አዩት። "ይኸ ሁሉ ሥር ባንድ ራስ?" አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

እኔ ግን አልጨረስኩም። "ተሳስቼ ነው አልልም። የምታስወጡኝ ከሆነ በደብዳቤ ይሁን። ስለታመመች በሉ፣ ስላስተማረች በሉ፣ ምክንያቱን ጻፉና ፈርሙበት" ብዬ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ርዕሰ መምህሩ ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው መሬት መሬቱን አዩ። እስክሪብቶውን የነካ ሰው አልነበረም። ስብሰባው ሳይዘጋ ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ኪኒኔን ተማሪዎቼ ፊት በውሃ ዋጥኩና ያንኑ ትምህርት ከመጀመሪያው ጀምሬ አስተማርኩ።

ዛሬም እዚያው ነኝ። በመታመሜ አላፍርም፤ የማፍረው ለአምስት ቀን ኪኒኔን በመተዌ ብቻ ነው። አንዳንድ ወላጅ መንገድ ላይ ሲያየኝ አሁንም ያማትባል። ያማትብ። ልጁን የማስተምረው እኔ ነኝ።