መንጋጋዬን የዳሰሱት ሽማግሌ

የቅርንፉድ ሽታ ድንገት ሲያውደኝ፣ ዛሬም ምላሴ ሳላዝዘው ወደ ግራ መንጋጋዬ ሄዶ ባዶውን ቦታ ይነካካል፤ ያን ጊዜ የአሰላ ጉም፣ የእናቴ እርጥብ ጋቢና የአንድ ሽማግሌ ቀዝቃዛ ጣቶች አብረው ይመጡብኛል።

ከበቆጂ ወደ አሰላ የመጣነው በበጋ ነበር፤ አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር በተዛወረበት ሁሉ እንከተለው ነበር። እናቴ ግን አሰላን ትፈራት ነበር። ከእኔ በፊት የተወለደችው እህቴ ዘነበች፣ ለትምህርት መጥታ አክስታችን ዘንድ ስትኖር፣ በአንድ ክረምት ንዳድ ይዟት በሦስት ቀን ሞታ፣ እናቴ በጭቃው መንገድ እስክትደርስ ተቀብራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አክስታችንም ሞተች። እናቴ የዘነበችን ስም አታነሣም ነበር፤ እኔም መጠየቅ እፈራ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ጥርሴ ያመኝ ጀመር። እናቴ ቅርንፉድ አስነክሳ፣ በጨው ውኃ አጉመጥምጣ ታስተኛኝ ነበር፤ ነሐሴ ላይ ግን ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ደፈነው፣ ምራቄን መዋጥ እንኳ አቃተኝ። የክሊኒኩ ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ አይቶ «የጥርስ ሐኪም እዚህ የለም፤ አዲስ አበባ ውሰጃት፣ ቶሎ!» አላት። አባቴ ለሥራ ጎበሳ ሄዶ ወንዙ ሞልቶበት ቀርቷል፤ የአዲስ አበባው መኪናም በጭቃው ምክንያት ከመጣ ሳምንት አልፎታል። እናቴ እጄን ይዛ በየደጁ «ጥርስ የሚነቅል ሰው ታውቃላችሁ?» እያለች ስትጠይቅ፣ አንዳንዱ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ በአገጩ በከተማው ዳር ወዳለው ባሕር ዛፍ ያመለክተን ነበር። በመጨረሻ አንዲት ሴት «ኦቦ ገመቹ ናቸው። ዓይናቸው አያይም፤ እጃቸው ግን ያያል» አለችን።

እኩለ ቀን ቢሆንም ጉሙ አጨልሞት፣ ጎጇቸውን ያገኘናት በሯ ጋ ከደረስን በኋላ ነው። ኦቦ ገመቹ የሚጠብቁን ይመስል ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል። የግድግዳው ጭቃ ላይ የሰው ጥርሶች ተሰክተው ነበር። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ መንጋጋዬን ከጆሮዬ እስከ አገጬ ቀስ ብለው ዳሰሱና ቆም አሉ።

«ይህቺ ልጅ መጥታ ነበር» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ እኛ ለከተማው እንግዳ ነን። ተምታቶብዎት ነው» አለች እናቴ።

«ድምፅ ይምታታል ልጄ፤ መንጋጋ አይምታታም። በክረምት ነው የመጣችው፣ ከአክስቷ ጋር። ስነቅልላት አላለቀሰችም።»

ትከሻዬን የያዘው የእናቴ እጅ ጠበቀብኝ። 

«ያቺ እህቷ ናት» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ሞታለች።»

«ያ ዋቃ!» አሉ፤ አምላኬ ማለታቸው ነበር። ከዚያ ጉጠቱን አንሥተው፣ ጭንቅላቴን በጉልበታቸው መሃል አጥብቀው ሲስቡ፣ ቀጭን ስንጥቅታ በራስ ቅሌ ውስጥ ተሰማኝ፤ መግልና ደም ተፋሁ፣ ሕመሙም እንደ ጎርፍ ወረደልኝ። እሳቸው ግን ተነሥተው፣ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ሄደው፣ በጥጥ የተጠቀለለች ትንሽ ጥርስ ከስንጥቁ አውጥተው ለእናቴ ዘረጉላት።

«አክስቷ ‹ጣሪያ ላይ ወርውሪው› ስትላት እንቢ አለች። ‹እናቴ ትመጣለች፣ ለእሷ ይስጡልኝ› አለችኝ። ቆየሽ ልጄ።»

እናቴ ጥርሷን በጡቷ መሃል ሸጉጣ ወጣች፤ ባሕር ዛፉን ስናልፍ እጭቃው ላይ ቁጭ ብላ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዘነበች መቃብር ወሰደችኝ፤ ራስጌዋን በጣቷ ቆፍራ ጥርሷን ቀበረችላት። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ታወራልኝ ነበር፤ ስትሮጥ እንዴት እንደምትወድቅ፣ ወተት እንዴት እንደምትሰርቅ።

አሁን አሰላ በየመንገዱ የጥርስ ክሊኒክ አላት። አምና ሄጄ አንድ ወጣት ሐኪም በደማቅ መብራት ስር፣ አንዳች ሳያሳምመኝ ሌላ ጥርስ ነቀለልኝ። ያኔ ብዙ ልጅ በትንሽ ነገር ይሞት ነበርና የድሮው ይሻል ነበር አልልም። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ሲጨርስ ግን፣ ያ ቀዝቃዛ ጣት መንጋጋዬን እስኪዳስስ የምጠብቅ ይመስል ከወንበሩ አልተነሣሁም።

«የቀረ ነገር አለ እማማ?» አለኝ።

«የለም» ብዬ ተነሣሁ።