ከመተከል የመጣችው እህት

ወለተ ሐና ወረታ ስትገባ ሰባት ዓመቷ ነበር። ደርግ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ለወባ ማጥፊያ በየቆላው እየዞረ መድኃኒት የሚረጨው አለኸኝ፣ እናት አባቷ የሞቱባትን ይህችን የጉሙዝ ልጅ ከመተከል ይዟት መጣ። ሚስቱ ይታይሽ ልጅቱን አየቻትና ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት። ወለተ ሐና የሚለው ስም የወጣላት በኋላ፣ ክርስትና ስትነሣ ነው።

የቤቱ ልጆች ሁለት ነበሩ፤ የስድስት ዓመቱ አንለይና የአራት ዓመቷ ደብሬ። ደብሬ ጣቷን በምራቋ አርሳ የእንግዳዋን ክንድ አሸት አሸት አደረገችው።

«እማ፣ አይለቅም።»

«የራሷ መልክ ነዋ! ያንቺስ ይለቃል?» አለቻት እናቷ።

ደብሬ የራሷንም ክንድ አሽታ አየች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አላሳሰባትም።

የወለተ ሐናን ቋንቋ ግን የሚሰማ አልነበረም። ከጎተራው ሥር ኩርምት ብላ «አያ» ትላለች። አንለይ ይህን ሲሰማ ከደጅ ሮጦ ገባ። «አያ አለችኝ! ታላቅ ወንድሟ አደረገችኝ!» ብሎ አጠገቧ ቁጭ አለ። እሷ «አያ» ስትል እሱ «አቤት!» ሲል ረፋዱ አለፈ። በመጨረሻ ልጅቱ እያለቀሰች ተነሥታ እንስራውን አቀፈችው። ለካ በአገሯ አያ ማለት ውሃ ኖሯል። አንለይ አፈረ። በቅል ቀድቶ አጠጣት፤ አያነቱን ግን አልመልስም አለ። በዓመት ብትበልጠውም እስከ መጨረሻው አያ እያለች ጠራችው።

አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት ይታይሽን፣ «ይህችን ለአገልጋይ አመጣሻት?» አለቻት። ደብሬ ቀደመች፤ «እህቴ ናት! እርስዎ ማነዎት?» ሴትዮዋ ሳቀች። ወለተ ሐና በዚያን ጊዜ አማርኛ ገብቷት ነበርና ሳቁ ከውስጧ ሳይወጣ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። አለኸኝ ሞተ። ደብሬ አንበሳሜ ተዳረች። ለወለተ ሐና ሽማግሌ የላከ አልነበረም። አንለይ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደና ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ዝም አለ። በሰማንያ ሦስት የካቲት ሠራዊቱ ተበትኖ በወረታ ሲያልፍ፣ ወለተ ሐና ሦስት ቀን ከመንገዱ ዳር ቆማ የየወታደሩን ፊት ስታይ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ከአንለይ ጋር የዘመተ የቁሐር ሚካኤል አገር ልጅ አገኛት። አንለይን በእጁ እንደቀበረው ነገራት። መርዶውን ለይታይሽ ይዛ የገባችው እሷ ናት።

ለቅሶው ላይ አንዲት አክስት፣ «የሥጋ ዘመድ ወደ ፊት ይቅረብ» አሉ። ወለተ ሐና ከጎረቤቶቹ ኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ተቀመጠች። ደብሬ ከአንበሳሜ ስትደርስ እናቷን ተሳልማ ዞር ዞር ብላ ወለተ ሐናን ፈለገች። ሰዉን አልፋ ሄዳ እጇን ያዘቻት።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ወንድማችን እኮ ነው የሞተው። ተነሺ።»

ሁለቱ ከፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ከሰባት ቀን በኋላ ደብሬ ወደ አንበሳሜ ተመለሰች። ወለተ ሐና መኪና አሳፍራት ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች። ይታይሽ ከደጃፉ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ሁለቱ ላሟን አስገቡና በሩን ዘጉ።