ሜርቪን የተባለው ባልዲ

በሆልመሪንግ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሜ የተጻፈው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ባልዲ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ስለ አለቃዬ ስለ ሆረስ ፔግ ስጽፍ ራሴን ከፍ አድርጌ እንዳላስቀምጥ ብዬ ነው። ከፍ ብዬ የሠራሁት ሁሉ ያፈሳልና።

ሆረስ ለስላሳና ከባድ ከሆነው ብረት፣ ከእርሳስ፣ ጣሪያ የሚሠራ ሰው ነበር፤ አባቱም አያቱም እንደዚሁ። የተወለደው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ባለችው ቤት ነው፣ የሞተውም እዚያው። በመካከሉ ያለውን ዕድሜ ጣሪያው ላይ አሳለፈው ቢባል ብዙም ውሸት አይሆንም። ስለ ሕንፃው የጠየቀውን እንግዳ ሁሉ ከመሠረቱ ጀምሮ ወደ ላይ ይወስደው ነበር።

«ማማው ክብ የሆነው ለውበት አይደለም» ይላል። «እኛ አገር ከማሳ የሚለቀም ባልጩት እንጂ ጥርብ ድንጋይ የለም። በባልጩት ደግሞ ማዕዘን አይወጣም። ማዕዘን ካጣህ ክብ ትሠራለህ። አለቀ።»

ጣሪያው በመጀመሪያ የሸምበቆ ክዳን ነበር። ኋላ አንድ የሱፍ ነጋዴ ነፍሱ አሳስባው የደቡቡን ክንፍ አስጨመረ፣ በላዩም እርሳስ አስነጠፈ። በኮርኒሱ ላይ ከተቀረጹት መላእክት ሁለቱ ብቻ ፊት አላቸው። ሥዕልና ቅርጽ ጣዖት ነው የሚሉ ሰዎች በድሮው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን መዶሻ ይዘው መጥተው የሌሎቹን ፊት አረገፉት፤ በበሩ በኩል ያሉት ሁለቱ ግን ከፍ ብለው ስለነበር መሰላሉ አልደረሰላቸውም። «የታሪክ ግማሹ የመሰላል ርዝመት ነው» ይል ነበር ሆረስ።

እኔ እሱ ዘንድ የገባሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ዳቦ ጋግሬ አሳርሬያለሁ። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ባዶውን እየነዳሁ በዝቅተኛ ድልድይ ሥር አሳልፌ ባለ አንድ ፎቅ አድርጌዋለሁ።

«ምን ትችላለህ?» አለኝ።

«ከፍታ አልፈራም፣ አቶ ፔግ።»

«እንደማትፈራማ አውቶቡሱን አይቻለሁ። መለካቱ ነው ያቃተህ።» ይህን ብሎ መሰላሉን አሸከመኝ።

በደቡቡ ክንፍ ጣሪያ ላይ የጫማ ቅርጾች ነበሩ። የእኛ ሙያ ሰዎች ሥራ ሲጨርሱ እግራቸውን እርሳሱ ላይ ያኖራሉ፣ በምስማር ጫፍ ዙሪያውን ይጭሩታል፣ ከዚያ የስማቸውን መጀመሪያና ዓመቱን ይጽፋሉ። ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ የሦስት መቶ ዓመት ጫማ ነበር። የሆረስ አያት ቦት ጫማም ከነተረከዝ ምስማሩ ነበር። የሆረስ ግን አልነበረም።

«እርስዎስ?» አልኩት።

«ሠላሳ ዓመት ሳያፈስ የቆየ ንጣፍ ያለው ሰው ነው እግሩን የሚያኖር። የእኔ የመጀመሪያው ንጣፍ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።»

ሠላሳው በሞላ ጊዜ ዝናብ ጠበቀ። ዝናቡ ሲመጣ ከሥሩ ባለው ወንበር ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዶፉ እስኪያባራ ዓይኑን ከኮርኒሱ አልነቀለም። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ከዚያ ወጣንና እግሩን አኖረ፤ «ሆ. ፔ. 1968» ብሎም ጻፈ። እኔም ደስታው ተጋብቶብኝ አጠገቡ እግሬን ሰደድኩ።

«አንሳ!» አለኝ።

«እኔም እኮ ምስማር መትቻለሁ፣ አቶ ፔግ።»

«ምስማሩ ሠላሳ ዓመት ይሙላው። ያንተ እግር የትም አይሄድም፤ እንኳን እሱ አንተም አትሄድም።»

ለልጁ ለቴልማ የመቃብር ድንጋይ እንዳታቆምለት የነገራትም ያን ሰሞን ነው። «ስሜ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አለ» አላት፤ «ያውም ከቄሱ በላይ።» ቃሉን ጠበቀች። ዛሬ መቃብሩ ላይ ሣር እንጂ ሌላ ምልክት የለም።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሆረስ ዳሌውን ታሞ መሰላል በተከለከለበት ክረምት፣ ኃይለኛ ነፋስ ተነሥቶ የዚያን ንጣፍ ጠርዝ ገለበጠው። የአለቃዬ እግር ያለበት ንጣፍ! ወጥቼ ዙሪያውን በመዳብ ምስማር መታሁት። አላመንኩትምና መካከል መካከሉን ደገምኩት። እሱንም አላመንኩትም፤ ከጎረቤቱ ንጣፍ ጋር በየድኩት። ስጨርስ ንጣፉ ከጣሪያው ይልቅ የታንክ ክዳን ይመስል ነበር። ኮርቼ ወረድኩ።

በበጋው ሆረስ በምርኩዝ ወጥቶ አየው። የምስማሮቹን ራስ በምርኩዙ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ።

«የሚያመልጥ መስሎህ ነው?»

«ነፋስ እንዳይወስደው ብዬ ነው፣ አቶ ፔግ።»

«ስማ ልጄ፤ እርሳስ ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል፣ ሲበርደው ያጥራል። ከላይ በኩል ብቻ ትመታዋለህ፣ ታቹን ለቀቅ ታደርገዋለህ። ቸንክረህ ከያዝከው ይቀደዳል። አራት ዓመት ይፈጅበታል።»

ተሳስቷል። ሦስት ዓመት ነው የፈጀው። ስንጥቁ ከተረከዙ አጠገብ ወጣና ውኃው የፔግ ቤተሰብ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ መንጠብጠብ ጀመረ። ማደስ ማለት ንጣፉን ገሽልጦ አቅልጦ እንደገና ማውጣት ነው፤ እግሩም አብሮ ይቀልጣል። ቴልማ ይህን ስትሰማ ከቤቷ ባልዲ አምጥታ ወንበሩ ላይ ደቀነችው። «የአባቴ እግር ከሚቀልጥ ባልዲ ይሻላል» አለች፤ ወዲያው በቀይ ቀለም «ሜርቪን» ብላ ጻፈችበት።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኘሁም። አበባ የሚያዘጋጁት ሴቶች «ሜርቪን ሞልቷል፣ አንድ ሰው ይድፋው!» ይባባላሉ። በአንድ የክርስትና ሥነ ሥርዓት ላይ ቄሳችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እባካችሁ ሜርቪንን ወደ ግራ ሳቡት» አሉ፤ የሕፃኑ አያት ወደ እኔ ዞረው ክንዴን ያዙኝ። ሆረስ እስከ ዕለተ ሞቱ መጠጥ ቤት በገባሁ ቁጥር «ቢራውን በደህና ብርጭቆ ስጡት፤ እሱ ጋ የደረሰ ነገር ያፈሳል» ይል ነበር።

እሱ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖት፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ ጉልበቴን በቅባት በማሽበት ዕድሜ ላይ ሳለሁ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ቴልማ ደወለች። የእርሳስ ሌቦች የደቡቡን ክንፍ ገፍፈውት ሄደዋል። ስደርስ የዝናብ ኮቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ከመሰላሉ ሥር ቆማለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መውጣት አትችልም።

«አባዬ አለ?» አለችኝ።

«ቆይ እስቲ ልይ።»

«ከሌለ ደብቀህ እንዳትነግረኝ። ሌላ ምንም የለኝም፣ ሜርቪን። ድንጋይ እንኳ አላቆምኩለትም።»

ወጣሁ። ባለ አራት ማዕዘኑ ጫማ የለም። የአያቱ ቦት የለም። ጣሪያው እንደ ተላጠ ድንች ሳንቃው ብቻ ቀርቷል። አንድ ጥግ ላይ ግን አንድ ንጣፍ ብቻውን ተቀምጧል። ጠርዙ በመፈልቀቂያ ብረት ተጎርጉሮ ተጎርጉሮ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ጥግ ታጥፏል፣ ከዚያ በላይ ግን ንቅንቅ አላለም። በመካከሉ የሆረስ እግር አለ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ደስ ግን አላለኝም። በሙያው ወግ የተነጠፈ እርሳስ ከላይ ብቻ ስለተመታ ለሌባም ይመቻል፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይሄዳል። የጥሩ ባለሙያዎች ሥራ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሄደ። የቀረው የእኔ ብቻ ነው።

«አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ከታች ቴልማ «ምን ያዘው?» አለች።

«ምስማሬ!»

ሳቋ ከመቃብሩ ሥፍራ ቁራዎቹን አስነሣ። እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅሁት ስወርድ ነው።

ነገሩ ግን አላለቀም። አዲሱ ጣሪያ ሌባ የማይፈልገው አይዝጌ ብረት እንዲሆን ተወሰነ፤ ስለዚህ ንጣፉ መነሣት አለበት። ሥራውን የያዘው ወጣት ተቋራጭ «በመቁረጫ አነሣዋለሁ» አለ፤ ስንጥቁን ሳየው ተረከዙን ይዞ እንደሚሄድ ገባኝ። «እኔ ልሞክር» አልኩ። ምስማሮቼን በፒንሳ መንቀል ጀመርኩ። ያን ዕለት የመታቸውን ሰው በስሙ እየጠራሁ ሰደብኩት፤ ስሙ እንደ እኔ ነው። ጥቂት እንደነቀልኩ ስንጥቁ ወደ ተረከዙ አንድ ጣት ያህል ተራመደ።

«ምን ሆነ?» አለች ቴልማ ከታች።

«ምንም!»

«አንተ ‹ምንም› ስትል እኮ ነው ባልዲ የማመጣው!»

ፒንሳውን አስቀመጥኩ። ከሥር ያለው ሳንቃ በእኔው ፍሳሽ ከመካከሉ በስብሶ ስለነበር ለማንኛውም ሊቀየር ነው። ዳር ዳሩ ግን ጽኑ ነው፤ ምስማሮቹም ያሉት እዚያ ነው። እንግዲህ እርሳሱን ከሳንቃው ከማላቀቅ ሳንቃውን ከጣሪያው ማላቀቅ ይሻላል። በመጋዝ ዙሪያውን ቆርጬ፣ በገመድ አስረን፣ እርሳሱን ከነሳንቃው ከነምስማሩ አወረድነው። ቴልማ ተረከዙን በመዳፏ አበሰችው።

ማማው ሥር እንዲሰቀል ፈለገች። ተሸክመነው ሄድን። ጠፍጣፋ ሳንቃ ክብ ግድግዳ ላይ እንደማይቀመጥ ትዝ ያለኝ ግድግዳው ጋ ከደረስን በኋላ ነው። ወጣቱ ተቋራጭ አየኝ። እኔ ማማውን አየሁ። መልሰን ተሸክመነው በፔግ ወንበር አጠገብ፣ ድሮ ከነበረበት በታች፣ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

አይዝጌ ብረቱ አያፈስም። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እኔና ቴልማ ወንበሩ ላይ ተቀምጠን ኮርኒሱን አየን፤ ጠብታ የለም። ባዶውን ባልዲ አንሥቼ ልወስደው ስል እጄን ያዘችኝ። ውኃ ሞልታ ከአትክልቷ የቀጠፈችውን ቢጫ አበባ ጨመረችበትና ከአባቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«እሺ፣ ስሙን እንኳ አጥፊው» አልኳት።

«ለምን ይጠፋል? አባዬ ሠላሳ ዓመት ነው ያለው። ይሄ ባልዲ ከሠላሳ አልፏል፤ አንድ ቀን አላፈሰሰም።»