ጉልበት ሳሙ አልኳቸው

ሙሽራው አሜሪካዊ፣ ሙሽራዋ ሜክሲኳዊት፣ ሰርጉ ፍራንክፈርት፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ሐበሻ። ይህን ያቀናበረ ሰው ቢኖር ሰክሮ ነበር እንለው ነበር። እኔን ያገኙኝ ከሙሽራዋ ጋር የምትሠራ አንዲት ያገራችን ልጅ የራሷን ሰርግ ፎቶ ስላሳየቻቸው ነው። “እንዲህ ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት ፎቶ እንፈልጋለን” አሉኝ። እኔም ለቅሶማ ምን ይጠፋል ብዬ ተስማማሁ።

ከሰርጉ በፊት ጋሉስ በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር ባለው ቤታቸው ተቀምጠን ስለ ዕለቱ ተነጋገርን። ተነጋገርን ስል የሙሽራው እህት ተናገረች፣ እኛ ሰማን ማለቴ ነው። ሴትየዋ ከአሜሪካ ድረስ የመጣችው ወንድሟን ልትድር ሳይሆን ጦር ልታዘምት ይመስል ነበር። ለሳቁም፣ ለእንባውም፣ ለኬኩም ሰዓት መድባለታለች። ሙሽራዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በነሱ አገር ሙሽሮች ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት እናት ፊት ተንበርክከው ይመረቃሉ። እናቷ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው የሚመጡትም ለዚሁ ነው። “ያለ እሱ ለእናቴ ሰርግ አይደለም” አለችኝ በጀርመንኛ፣ ምን ሥልጣን እንዳለኝ እንጃ። እህትየዋ ትንሽ አሰበችና ፈረደች። አይቻልም። ሙሽራው በሰርጉ ቀን ሙሽራዋን መጀመሪያ ማየት የሚችለው ካሜራ ፊት ብቻ ነው፣ ደግሞም መንበርከክ ቀሚስ ያበላሻል። ልጅቷ ለሰላም ብላ ተወችው።

በሰርጉ ቀን ጠዋት ጉትሎይትፊርቴል ወደሚባለው ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ወረድን። የአሜሪካኖቹ ወግ እንዲህ ነው፤ ሙሽራው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ ሙሽራዋ ከኋላ መጥታ ትከሻውን ትነካዋለች፣ ዞር ሲል አይቷት የማያውቅ ይመስል ይደነግጣል። ሁለቱ ለዓመታት አብረው ኖረዋል፣ የዚያን ቀን ጠዋት እንኳ በአንድ መታጠቢያ ቤት ተሻምተዋል። ለማያውቅሽ ታጠኚ አለ ያገሬ ሰው። የመጀመሪያው ድንጋጤ ለእህትየዋ አነሰባት፣ ሁለተኛው በዛባት። በሦስተኛው ሙሽራው የእውነት ደነገጠ፤ አራተኛ ይኖራል ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ የሜክሲኮዎቹ ተራ ሆነ። ሁለት ዘመዶች መጥተው በመቁጠሪያ መልክ የተሠራ ረጅም ገመድ በሙሽሮቹ ትከሻ ላይ ጣሉባቸው፤ ከእንግዲህ አንድ ናችሁ ማለት ነው። እህትየዋ ከፊት ወንበር ላይ ሆና “ፀጉሯን! ፀጉሯን!” እያለች በእጇ ምልክት ትሰጣለች። የሙሽራዋ እናት አጠገቧ ተቀምጠዋል። አጠር ያሉ፣ ጥቁር ነጠላ መሳይ ነገር ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴት ናቸው። ካሜራዬን ባዞርኩባቸው ቁጥር ፊታቸው እሑድ ቀን እንደ ጀርመን ሱቅ ዝግ ነው። አያለቅሱ፣ አይስቁ። አንጀቴን በሉት፤ ግን የተቀጠርኩት ፎቶ ላነሳ ነው፣ ላስታርቅ አይደለም።

ከዚያ ተመልሰን ወንዙ ዳር ለቤተሰብ ፎቶ ተሰለፍን። ሰፋፊ ባርኔጣ የደፉ ሁለት ጀርመኖችና አንድ ፖላንዳዊ የሜክሲኮ ዘፈን ከልባቸው ይጫወታሉ። ሜክሲኮዎቹ በትዕግሥት ያዳምጣሉ።

መቼም በሐበሻ ሰርግ ፎቶ አንሺ ትንሽ ባለሥልጣን አይደለም። ቄስ ያስቆማል፣ ሽማግሌ ያስነሳል፣ ሚዜ ይቆጣል። እኔ በዚህ ሥልጣን ሳረጅ ሌላ ሥራ አላውቅም። እናትየውንና የሙሽራውን አባት ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ ሙሽሮቹን ፊት ለፊት አቆምኳቸው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ አፌ ቀደመኝ።

“በሉ እንግዲህ፣ ጉልበት ሳሙ!”

ያውም በአማርኛ። እንዳልገባቸው ሳይ እጄን ስሜ የእናትየውን ጉልበት አመለከትኳቸው። መብራት የያዘችልኝ ባለቤቴ ክው አለች።

“አንተ! ምን ነካህ? እነዚህ እኮ ሐበሾች አይደሉም!”

“ወይኔ! አመለጠኝ እኮ!”

“ሴትየዋ ይሄኔ ቴርሚኔን፣ የመደብኩትን ሰዓት አበላሻችሁ ብላ ታባርረናለች!”

ጊዜው አልፎ ነበር። ሙሽራው የሜክሲኮ ወግ መስሎት በሁለት ጉልበቱ ወረደ። ሜክሲኮዎቹ ደግሞ አሜሪካኖቹ ለካ እንዲህ ያለ ጨዋ ወግ አላቸው ብለው ተደነቁ። የማንም አለመሆኑን ያወቀችው ሙሽራዋ ብቻ ነች። አንዴ አየችኝና ቀሚሷን እርጥቡ ሣር ላይ ዘርግታ ተንበረከከች።

እናትየው ከወንበራቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ቀጥሎ አንዱን እጃቸውን በልጃቸው፣ አንዱን በሙሽራው ራስ ላይ ጫኑ። ረጅም ነገር ተናገሩ፣ አንድ ቃል አልገባኝም፣ ሁሉም ገባኝ። በየግንባራቸው ላይ አማተቡ። ልጅቷ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ዘፋኞቹ እንኳ ዝም አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። የሙሽራው አባት ግራ ቢገባውም አልቀረም፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው መዳፉን በልጁ ራስ ላይ አደረገ።

በዚህ መሀል እህትየዋ ስትሮጥ መጣች። አለቀልን አልኩ።

“እንዴት ያምራል!” አለች እንባዋን እየጠረገች። “ግን ፀሐይዋ ከኋላ ናት፣ የእናትየው ፊት ጨልሟል። ወንበሮቹን እናዙርና እንደገና ይመርቁልን።”

እውነቷን ነው፣ ፊታቸው ጨልሟል። አባትየውን አስነስታ ወንበሩን ማዞር ጀመረች። ሙሽራዋ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ ነገሩን ለእናቷ ተረጎመችላቸው። እናትየው መሀረባቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ ነበር። ቀና ብለው እህትየዋን አዩና በቀስታ አንድ ነገር ተናገሩ።

“ምን አሉ?” አልኳት ሙሽራዋን።

“‘ለምን ይደገማል?’ ትላለች። ‘ምርቃቱ ደርሷል እኮ።’”