ያላለቀው ሰደፍ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ቀስታ» ይላታል። ስትናገር ቀስ፣ ስትራመድ ቀስ፤ አንድ ቁልፍ እንኳ የምትተክለው ክሩን ወደ ብርሃን ወስዳ ደጋግማ ካየችው በኋላ ነው። ቤቷ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ በኋለኛው አልጋዋና የአባቷ ቁም ሣጥን አሉ። የውጭ በሯ የብረት መወርወሪያ አለው። ግን ተወርውሮ አያውቅም። እሷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በዚያ ቤት በር ተዘግቶ አላደረም።

ምክንያቱ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ «ጋሽዬ» የምትለው። እሷ ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ፣ ጋሽዬ አንድ ማለዳ ከአባቱ ጋር ለአደን ወጣ። ሲመሽ አባትየው ብቻውን ተመለሰ። የልጁን ጠመንጃ አንግቷል፤ የራሱ የለም።

«ተጣላን» አለ። «የኔን መሣሪያ ይዞ ሄደ። ሩቅ አገር ሄጄ ሙያ እማራለሁ ብሏል።»

ከዚያም ወዲህ አደን የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም።

እናትየው በሩን እንዳይዘጋ ከለከለች። አመሻሽ ላይ ነፋስ በሩን ገፋ ባደረገው ቁጥር፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ግባ ልጄ» ትላለች። አባትየው ይህን ሲሰማ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። «ይሄ ሰውዬ ፊኛው ተበላሽቷል እኮ፤ በተቀመጠ ቁጥር ውጭ ውጭ ይለዋል» እያለች እናትየው ትስቅበት ነበር። ልጆቹም ይስቁ ነበር። አባት ሞተ፤ ቆይቶ እናት ተከተለች። ስትሞት የእትዬ ቀስታን እጅ ይዛ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በሩን እንዳትዘጊበት።»

ጠመንጃው በቁም ሣጥኑ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቀረ። አባቷ ለጋሽዬ በልኩ ያሠራለት ነው። ጋሽዬ ግራኝ ስለነበር የጉንጭ ማሳረፊያው በቀኝ ጎኑ ነው። ጉንጩ ያረፈበት ቦታ ከሌላው እንጨት ይልቅ ጠቁሮ፣ ልሞ፣ የሰው ቆዳ መስሏል። እትዬ ቀስታ ስትወለውለው ያንን ቦታ ትዘለዋለች። አንዳንዴ የቁም ሣጥኑ በር በራሱ ሲንጣጣ፣ መርፌዋን አንሥታ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች።

በዚህ ዓመት ታናሽ እህቷ አላስቀምጥ አለቻት።

«እቴቴ፣ ጣራው እኮ ላይሽ ላይ ሊወድቅ ነው! እኛ ጋ ክፍል አለ፣ መስኮት አለ። መኪናሽን ጭነን እንሂድ።»

«ጋሽዬ ቢመጣስ? የሚያውቀው ይህንን በር ነው።»

«ጋሽዬ ቢመጣ ዛሬ በከዘራ ነው የሚመጣው! አንቺ ለአንድ ሽማግሌ ብለሽ በዝናብ ልትበሰብሺ ነው?» አለችና፣ ወዲያው ጸጸታት፤ የእህቷን ትከሻ አቀፈች። «ይኑር አይኑር እንኳ የሚነግረን ጠፋ።»

እትዬ ቀስታ ያን ቀን መርፌ አልሄድ አላት። ጋሽዬ ጠመንጃውን ከሠራለት ሰው ቤት ጠፍቶ እንደማያውቅ ትዝ አላት። እንጨት ሲጠርብ እያየ ይውል ነበር። ሙያ ሊማር ከሄደ፣ የት እንደሄደ ያ ሰው ሳያውቅ አይቀርም። የሠሪውን ስም ግን በቤቱ የሚያስታውስ አልነበረም።

በማግሥቱ ከገበያው ጀርባ ያለውን ጠመንጃ ጠጋኝ እቤቷ ጠራችው። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ቀልድ የሚወድ ሽማግሌ ነው።

«ምነው እትዬ፣ ወደ አደን ዞርሽ? መርፌው አልበቃ አለ?»

«የሠራውን ሰው ፈልጌ ነው፣ ጋሼ።»

ጠጋኙ ሰደፉን አገላበጠ። እጅ እንዳያዳልጥ መረብ መስሎ የተቀረጸውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ፤ መረቡ የተሠራው እንደ ዘር ፍሬ በሾሉ ጥቃቅን ቅርጾች ነው።

«እጁ የባለጅምር ይመስላል። ነፍሱን ይማርና፣ እንዲህ ያለ መረብ የሚቀርጽ ሌላ አልነበረም። ግን የሱ አይደለም።»

«ለምን?»

«ባለጅምር ያስባለው ምን ሆነና! ከፍሬዎቹ አንዷን ሳይቀርጽ ጠፍጣፋ አድርጎ ይተዋታል። ‹ያላለቀ ነገር ባለቤቱን ያቆየዋል› የሚል የራሱ እምነት ነበረው። በዚህኛው ላይ ሁሉም ተቀርጿል። አስመሳይ ነው የሠራው፤ አትድከሚ።» ቢሆንም ብሎኖቹን ፈትቶ እንጨቱን ከብረቱ ለየላት። «ልትጠይቂ ከሄድሽም እንጨቱን ብቻ ያዢ። በብረት አትዙሪ፣ ሽፍታ ነሽ ይሉሻል። የሰውየው ሴት ልጅ እዚያው አባቷ ቤት አልጋና ወንበር ትቀርጻለች።»

እሱ ከወጣ በኋላ እንጨቱን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ተስፋ ቆርጣ ልትጠቀልለው ስትል ዐይኗ አንድ ቦታ ያዘ። ከፍሬዎቹ አንዷ ጫፏ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ ጎድጓዳዋም ከሌሎቹ ይፈካል። የተተረተረ ስፌት በሌላ ክር ሲደገም እንደዚያ ነው። ይህች ፍሬ ከሌሎቹ በኋላ፣ በሌላ እጅ ነው የተቀረጸችው።

ሰደፉን በጨርቅ ከረጢት ከትታ፣ ጠጋኙ ወደጠቆማት ሰፈር አውቶቡስ ተሳፈረች።

የቀራጿ ቤት መሬቱ በእንጨት ፍቅፋቂ ተሸፍኗል፤ የሙጫ ሽታ ይከረፋል። ቀራጿ በዕድሜ ከእትዬ ቀስታ ጥቂት ከፍ የምትል፣ አውራ ጣቷ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሴት ናት። ሰደፉን ተቀበለችና ዐይኗን ጨፍና መረቡን ዳሰሰች። ጣቷ ያቺ ፍሬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቁጭ አለች።

«ይህ የአባቴ ሥራ ነው» አለች። «ይቺ ፍሬ ግን የኔ ናት።»

«እንዴት ያንቺ ሆነች?»

«ልጅ ነበርኩ። አባቴ እጁ አልታዘዝ ብሎት እኔን ቅረጪ አለኝ። እዚህ ይውል የነበረውን ያን ልጅ በጣም ይወደው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተቀረጸች?»

ቀራጿ ቀና ብላ አየቻት። «አልነገሩሽም እንዴ፣ እህቴ? የምትቀረጸው ባለቤቱ ሲሞት ነው።»

እትዬ ቀስታ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አጣጠፈች፤ እንደገና ዘረጋችው። «ጋሽዬ ሩቅ አገር ነው የሄደው» አለች።

«ሁለት ጠመንጃ ይዞ የመጣ ረጅም ሰው ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ የሚያደርገው አባቷ ነው።

«የአባቴ ሕግ ነበር፤ ማን እንደሞተ አፍ አውጥተው ካልነገሩት አይቀርጽም። ‹ማን ሞተ?› አለው። ሰውየው ‹እኔ› አለ። አባቴ ‹አንተማ ፊቴ ተቀምጠሃል› አለው። ያኔ ነው የተናገረው። ቁጥቋጦ ሲነቃነቅ አይቶ፣ አውሬ መስሎት ተኮሰ። ልጁ ነበር።» ቀራጿ በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተች። ከመጋዞቹ በላይ አንድ አቧራ የለበሰ ጠመንጃ ተሰቅሏል። «በዚያ ነው። ሁለተኛ አልየው ብሎ ጥሎት ሄደ። ማንም አላወረደውም።»

«ለእናቴ ለምን…»

«አባቴም ‹ለእናቱ አትነግራትም?› ብሎ ጠይቆታል። ‹ገና ቤት አልደረስኩም፤ በር ከፍታ ትጠብቀዋለች፤ በየትኛው እጄ ልዝጋው?› አለ።»

«የት ቀበረው?»

«እሱን በአባቴ ጆሮ ነው የነገረው። አባቴም ምስጢሩን ይዞት ሞተ።»

እቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰደፉን የስፌት መኪናዋ ላይ አጋደመችው፤ ያን የጠቆረ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ በመዳፏ ሸፈነችው። ቀዝቃዛ ነው። ነገ እህቷ ስትመጣ ሁሉን ትነግራታለች፤ መኪናዋንም ያስጭናሉ። የመኪናዋን ዘይት አነሣችና የበሩን መወርወሪያ አጠጣችው። ዝገቱ አላላውስ አላት። ወዲያና ወዲህ ስታንቀሳቅሰው ቆይታ፣ በመጨረሻ ጮኾ ገባ።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ እንደ ልማዱ መጣና በሩን ገፋ። በሩ አልተከፈተም፤ መወርወሪያውን መታና ተንቀጠቀጠ። እንደገና መታ፤ ልክ ውጭ የቀረ ሰው እንደሚያንኳኳው። «ግባ» የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደረሰ።

ብድግ ብላ በኋላ በር ወደ ጓሮ ወጣች።

አጥሩ ጥግ የልብስ ማስጫ ገመድ የምታስርበት ያረጀ ቋሚ እንጨት አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ገመድ ስታስርበት፣ ከትከሻዋ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ለምን እንደዚያ ጠቁሮና ልሞ እንደቀረ ጠይቃ አታውቅም። እጇን ዘርግታ ያዘችው። የረጅም ሰው መያዣ ነው፤ በእግሯ ጣቶች ቆማ ነው የደረሰችበት።

ከኋላዋ በሩ ተንኳኳ። እንጨቱን እንደያዘች ቆየች።