ብርቱካን የሚያህል ፀሐይ

ሂርሲ በሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ያነሣል። ዕድሜው አርባ ዘጠኝ ነው። ሰዎች ፓስፖርት፣ የኪራይ ውል፣ የሐኪም ማዘዣ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ የማሽኑን ክዳን ያነሣል፣ ወረቀቱን ያስተካክላል፣ ክዳኑን ይመልሳል። ቀለም ዘልሎት ወይም ተጣሞ የወጣውን ወረቀት አይጥልም። ጀርባው ላይ ለአራተኛ ክፍል የሚሆን የሳይንስ ትምህርት ይጽፍበታል። የሚጽፈው በአማርኛ ነው፤ ሳይንስን በሌላ ቋንቋ አስተምሮ አያውቅም።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1988 ሀርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ይዛው ድንበር ተሻገረች፤ ድሬዳዋ አደገ፣ እዚያው ተማረ፣ በመምህርነት ተመረቀ፣ አሥራ ስምንት ዓመትም አስተማረ። የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ስሙ «ሱማሌው» ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቱን ለመቅበር ሀርጌሳ መጣና ቀረ። ባለቤቱ ናይማ እዚህ ሥራ አገኘች፤ እሱ ግን ያስተማረበትን አሥራ ስምንት ዓመት የሚቀበል አላገኘም።

ምክንያቱ አንድ ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ አስተርጉም አሉት። አስተረጎመ። ተርጓሚው የተመረቀበትን ዓመት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይለውጥ እንዳለ ገልብጦ 1990 ብሎ ጻፈ። በፈረንጆቹ 1976 የተወለደ ሰው በአሥራ አራት ዓመቱ መምህር ሆነ ማለት ነው። ያመለከተባቸው ስድስት ትምህርት ቤቶች ይህን አይተው መለሱት። ሁለቱ አጭበርባሪ ነው ብለው አሰቡ፤ አራቱ ለማሰብም ጊዜ አላጠፉም።

ሰባተኛው በማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ሮዳ ያደገችው ጅግጅጋ ነው። ትርጉሙን ወደ ጎን አድርጋ ዋናውን በአማርኛ አነበበችው፤ ከዚያ በጣቷ ሰባት ዓመት ከምናምን ደምራ ሣቀች።

«ደግሞ በማዕረግ ነው እንዴ የጨረስከው፣ አቦ!»

እንደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው በ«አንተ» ጠራችው፤ ደስ አለው። በከተማዋ ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ርዕሰ መምህር ከእሷ ሌላ አያውቅም። ይህ በር ከተዘጋ ሌላ በር እንደሌለም ያውቃል።

«ሰኞ ለሙከራ አንድ ክፍለ ጊዜ ታስተምራለህ» አለችው። «አራተኛ ክፍል። ሥርዓተ ፀሐይ። አርባ ደቂቃ አለህ፣ ስምንቱንም ፕላኔቶች ጨርስ። ሰሀል የሚባል ሌላ አመልካች አለ፤ እሱ ትናንት ሞክሯል። ያንተን ከኋላ ቁጭ ብሎ ያያል።»

ሂርሲ የመማሪያ መጽሐፉን ሥዕል አይወደውም። ፀሐይና ስምንቱ ፕላኔቶች እንደ ገበያ ቲማቲም ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ልጅ ይህን አይቶ ካደገ ርቀት የሚባለውን ነገር መቼም አይገባውም። ስለዚህ ሒሳቡን ሠራ። ፀሐይ ብርቱካን ብታህል መሬት የስኳር ቅንጣት ትሆናለች፤ ከብርቱካኑ ስምንት ሜትር ተኩል አልፋ ትቀመጣለች። ክፍሉ ርዝመቱ ያንኑ ያህል ነው። ትልቁ ጁፒተር ሽምብራ ሆኖ አርባ አምስት ሜትር ላይ፣ የግቢው በር አጠገብ ይውላል። የመጨረሻው ኔፕቱን ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት ሜትር ርቆ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ጎማ የሚጠግንበት ቦታ ላይ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መንገዱን በእርምጃው ለካው። ጎሚስታው ምን እንደጠፋው ጠየቀው።

ሰኞ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ልጆች ብድግ ብለው ሰላምታ ሰጡት። ሂርሲ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በሶማልኛ ጀመረ።

«ይህ ፀሐይ ነው።»

«አይበላም ማለት ነው?» አለ አያንሌ የሚባል የፊት ወንበር ልጅ።

«ካቃጠለህ አታማርር።»

ክፍሉ ሣቀ። ሂርሲም ሜርኩሪን ከብርቱካኑ ሦስት ሜትር ግድም፣ ቬነስን ስድስት ሜትር ላይ አቆመ። ቬነስ ገና ሲመሽ በምዕራብ የምትታየው፣ እረኞች የፍየል ግልገሎችን የሚያስገቡባት ያቺው ኮከብ መሆኗን ሲነግራቸው አንዲት ልጅ አያቷ እንደምታውቃት ተናገረች። ከዚያ የስኳሯን ቅንጣት በጣቱ ጫፍ ይዞ እስከ ኋላው ግድግዳ ሄደ። ልጆቹ ዞረው በዓይናቸው ተከተሉት። አንዳንዶቹ ወንበር ላይ ወጡ።

«ሀርጌሳ የት አለች?» አለ አያንሌ።

«እዚህ ውስጥ።»

«አየር ማረፊያውስ?»

«እሱም።»

ማንም አልሣቀም። ሂርሲ ይህን ዝምታ ካጣው ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

በድሬዳዋ የሚያስተምርበት ስልት ነበረው። ጥያቄውን ይጠይቃል፣ መልሱን ራሱ ይጀምራል፣ ልጆቹ ተቀብለው ይጮኻሉ፤ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሌላ መንገድ አልነበረም። አሁንም እንደዚያው አደረገ። መሬት በራሷ ዛቢያ ስትዞር ቀን ነው፤ ጮኹ። ፀሐይን ስትዞር ዓመት ነው፤ ጮኹ።

«አንድ ዓመት ስንት ወር ነው? አሥራ…ሦስት!»

«አሥራ ሦስት!» አሉ ሠላሳ ስምንቱ።

ከዚያ ከመካከል ሂቦ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አሥራ ሁለት ነው።»

ሣቁ እንደ ዶፍ ወረደ። ከኋላ የተቀመጠው ሰሀል ስልኩን እያየ ፈገግ አለ። ከጎኑ ተቀምጣ የነበረችው ሮዳ አልሣቀችም። በዚያች ቅጽበት «ተሳስቻለሁ፣ አሥራ ሁለት ነው» ብሎ ወደ ማርስ ቢያልፍ ነገሩ ያበቃ ነበር። ሂርሲ ግን ጠመኔ አነሣ። የተናገረው ስሕተት አልነበረም፤ የሌላ አገር እውነት ነበር፤ ልጆቹም ይህን ቢያውቁ ጥሩ መስሎ ታየው።

«እኔ ባደግሁበት አገር እያንዳንዱ ወር ሠላሳ ቀን ነው። ሠላሳ በአሥራ ሁለት ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ ስድሳ!»

«መሬት ግን አልጨረሰችም፤ አምስት ቀን ይቀራታል። ለእነዚያ አምስት ቀናት አንዲት ትንሽ ወር ሠሩላቸው።»

«በዚያች ወር ትምህርት ቤት ይኬዳል?» አለ አያንሌ።

«አይኬድም።»

«እንግዲያስ እዚህም ትምጣ።»

ሂቦ ግን አልለቀቀችውም። ረመዳን ለምን አንድ ጊዜ በሙቀት፣ አንድ ጊዜ በብርድ እንደሚመጣ ጠየቀች። ጥያቄው ግሩም ነበር። የሂጅራ ዓመት የሚቆጠረው በጨረቃ እንደሆነ፣ ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ግድም እንደሚያንስ፣ ስለዚህ ረመዳን ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ዓመቱን ሙሉ እንደሚዞር በሰሌዳው ላይ ሠራላት። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ገለበጡ። ብርቱካኑን፣ ቅንጣቷንና ሰሌዳውን እያፈራረቀ ሲያሳይ ደወሉ ጮኸ። ሽምብራው ከኪሱ አልወጣም ነበር።

ቢሮዋ ውስጥ ሮዳ በሩን ዘጋች።

«ስምንት ብዬህ ነበር። ሦስት ሰጠኸኝ።»

«ነገ ሁሉንም በሠላሳ ደቂቃ እጨርሳለሁ። ያዘገየኝ አንድ ቃል ነው።»

«እሱ ነው የገደለኝ። ዛሬ አንዱ ልጅ ቤቱ ገብቶ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው ይላል። አባቱ ማን አለ ይለዋል። ሐበሻው መምህር ይላል።»

«አስረድቻቸዋለሁ እኮ፣ ሮዳ።»

«ልጅ ቤቱ ይዞ የሚሄደው የሣቀበትን ነው።» እስክሪብቶዋን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «አንተ ሐበሻ አይደለህም። እኔም አይደለሁም። አንተን ከቀጠርኩ ግን ሁለታችንም እንሆናለን። እዚህ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ስንት ዓመት አፌን እንደጠበቅሁ አታውቅም። አማርኛ ካወራሁ እንኳ ይኸው ስንት ጊዜዬ፤ ካንተ ጋር ነው ያወራሁት።»

ሂርሲም ያውቀዋል፤ ያለችው ሁሉ ልክ ነበር።

«ሰሀል እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቀጥሬዋለሁ።»

«መልካም። አላህ ይርዳው።»

«አንድ ነገር ልለምንህ። ያዘጋጀኸውን ማስታወሻ ትሰጠዋለህ? ክፍሉን እንደዚህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።»

ማስታወሻው በአማርኛ ስለነበር ሰሀል ሊያነበው አልቻለም። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ፤ ሂርሲ እያነበበ በሶማልኛ ይነግረው ጀመር። ማርስ ቀይ የሆነችው አፈሯ ስለዛገ ነው። ሳተርን ቀለበቱ አብዛኛው በረዶ ነው። ዩራነስ ተጋድሞ ይዞራል። ኔፕቱን ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር መቶ ስድሳ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ሰሀል ሃያ አምስት የማይሞላው፣ ጨዋ ወጣት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይጽፋል፣ በየመሐሉም «አመሰግናለሁ፣ መምህር» ይላል። ስምንቱም አለቁ። ከክፍል ውጭ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ።

«እነዚህ ሜትሮች ምንድን ናቸው?» አለ ሰሀል።

«ርቀቱ ነው። ጁፒተርን በር ድረስ ትወስዳቸዋለህ። ከዚያ በጣትህ ጎሚስታውን ታሳያቸዋለህ።»

ሰሀል ትንሽ አሰበ።

«ርቀቱን ብተወው ይሻላል። ጊዜ ይበላል፤ ፈተና ላይም አይመጣም።»

«ያለ ርቀቱ እኮ ሥዕሉን ማሳየት ነው።»

«ሥዕሉ መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ መምህር» አለ ሰሀል በትሕትና፤ ሜትሮቹንም አንድ በአንድ ሰረዛቸው።

ደወሉ ተደወለ። ሰሀል ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠውና ወደ ክፍሉ ገባ። ሂርሲ ወረቀቶቹን ሰበሰበ፤ ጀርባቸው ላይ የሰው ኪራይ ውልና የሰው ፓስፖርት ነበር። ከበሩ ወጥቶ ወደ አሕመድ ዳጋህ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ሱቁ ሲደርስ አራት ሰዎች ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ አንደኛው ስለ መዘግየቱ ተቆጣው። ይቅርታ ጠየቀና ማሽኑን አበራ።