ማርሿ በእጅ የሆነችው ሞተር

ሞተርም እንደ ልብስ በልክ ነው ስል ደንበኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ቡሬ ላይ ሞተር ሲጠግን ያረጀው እኔ ነኝ፣ እነሱ አይደሉም። ፋብሪካ የሠራት ሞተር የማንም አይደለችም። አጭሩ በእግሩ ጣት እየተንጠራራ ይነዳታል፣ ረጅሙ ጉልበቱን ከመሪው እያጋጨ። ወገቤን የሚል ሲመጣ መቀመጫዋን እጠርብለታለሁ፣ መሪዋን ወደ ደረቱ እስብለታለሁ፣ ተገላግሎ ይሄዳል።

ከሁሉ የምኮራው በአንዲቷ ነው። ባለቤቷ የከብት ሐኪም ነበር። ነበር ማለት ግን አልወድም፤ ነው። ልጅ ሳለ ከበቅሎ ወድቆ ግራ ጉልበቱ እንደ ሞፈር ደርቆ ቀርቷል፣ አይታጠፍም። የሞተር ማርሽ ደግሞ በግራ እግር ነው። "አይሆንም ካልከኝ ያቺኑ በቅሎ እፈልጋለሁ" አለኝ እየሳቀ። ራሴን እያከክሁ ከረምሁ። በመጨረሻ መርገጫዋን ወደ ፊት ገፍቼ እግሩን እንደዘረጋ የሚያሳርፍባት አደረግሁ፤ መቀመጫዋን በግራ በኩል ጎድጎድ አድርጌ ጠረብሁለት፤ ማርሿን ወደ እጅ አመጣሁት። ከነዳጅ ታንከሯ ጎን ሽቅብ የወጣች የብረት ዘንግ፣ ጫፏ ላይ የዋንዛ እጀታ። በቀኝ እጁ ሳብ፣ ገፋ ነው። ሲያቆማት የመድኃኒት ቦርሳውን እዚያችው ላይ ያንጠለጥላል። ዘንጉን ታጣምመዋለህ ብዬ ስቆጣው ይስቅብኛል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ሁለት ወጣቶች እሷኑ እየገፉ መጡ። ገና ከሩቅ አወቅኋት። ምን ሆና ነው የምትገፋው? በቅርቡ ዘይቷን የቀየርሁት እኔው ነኝ፣ ጤነኛ ናት።

"የማን ናት?" አልሁ።

"ገዝተናት ነው ጋሼ" አለ ትልቁ። "ማርሽ የላትም። መርገጫዋም ያለ ቦታው ነው፣ ያስተካክሉልን። ይቺን የቦርሳ ማንጠልጠያም ይቁረጡልን።"

በጣቱ የሚያሳየኝ የዋንዛዋን እጀታ ነው። ክው አልሁ። ሐኪሙን አንዴ እንኳ ሲነዳት ያየ ሰው ይህን አይልም። ገዝቶ የወሰዳትም ቢሆን እንዴት እንደምትነዳ ሳይጠይቅ አይሄድም። ልጮህ ነበር፤ ግን ዘንድሮ ማን ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ንዴቴን ዋጥ አድርጌ "ብየዳ አለው፣ ሻይ ጠጥታችሁ ኑ" አልኋቸውና ለሐኪሙ ሚስት ደወልሁ።

እየሮጠች መጣች። ባሏ ትናንት በግሽ ዓባይ መንገድ ምጥ የጠናባት ላም ሊያይ ወጥቶ ሳይመለስ አድሯል፤ ስልኩም ዝግ ነው። የመቀመጫዋን ጎድጓዳ በመዳፏ ዳሰሰችና በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወጣቶቹ ሲመለሱ ቀና ብላ አየቻቸው። "ልጆቼ፣ ስለ ሞተሯ አልጠይቃችሁም" አለች። "አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ባሌ መሬት ላይ ከተቀመጠ ያለ ሰው እጅ አይነሳም። ስትተዉት ቆሞ ነበር ወይስ ተቀምጦ?"

ትልቁ "ምን ትላለች ሴትዮዋ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ትንሹ ግን መሬት መሬት እያየ "ተቀምጦ" አለ። "ከድልድዩ ማዶ፣ ግራሩ ሥር። ቦርሳውን ሰጥተነዋል።" ትልቁ ክንዱን ይዞ ጎትቶ ወሰደው። ሞተሯን ዞረው አላዩአትም።

እኔም ሚስቱን በዚያችው ሞተር ከኋላዬ አፈናጥጬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ትከሻዬን ጨምድዳ እንደያዘች ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ጨቅይቷል። ግራሩ ሥር ሣሩ ተኝቷል፣ ሰው የለም። ከዚያ ጀምሮ እስከ መንገዱ በጭቃው ላይ አንድ ቀጭን ቦይ ተስቧል። የተረከዝ ነው። ያንን እግር አውቀዋለሁ፣ ለክቼዋለሁ። በመዳፎቹ እየተደገፈ በመቀመጫው ወደ ኋላ እየተጎተተ ነው የሄደው። ቦዩ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የመኪና ጎማ ዱካ ብቻ ነው።

"ሰው አንስቶታል" አለች። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላለችም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

በየጤና ጣቢያው ጠየቅን፣ እስከ ፍኖተ ሰላም ሄድን፣ አየሁት የሚል አልተገኘም። ሞተሯ አሁንም ጋራዤ ጥግ ቆማለች። ማርሿን ወደ እግር መልስና ልግዛት ያለኝን አንድ ነጋዴ ሰድቤ አባርሬዋለሁ። ሚስቱ በየገበያው ቀን ብቅ ትላለች። ስለ እሱ አንነጋገርም። የመቀመጫዋን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርግና ጎድጓዳዋን ትዳስሳለች።

"አልሞላችም አይደል?" ትለኛለች።

"አልሞላችም እታለም፣ በልኩ እንዳለች ናት" እላታለሁ።